የጀርባ ልክ

ማይክ ፎተንሃወር እ.ኤ.አ. በ1974 ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክሩዝ ውስጥ ቦርሳ መስፋት ሲጀምር ሱቅ አልነበረውም። ደንበኛው ማይክ ተከራይቶ ወደሚኖርበት ቤት ይሄዳል፣ ይለካል፣ ቦርሳውም ለዚያ ሰው ጀርባ ተብሎ ይሰፋል። ዛሬ በዓለም የታወቀው የቦርሳ ኩባንያ ኦስፕሬይ የተነሣው ከዚያች ቤት ነው። አሁን ቦርሳ በየመደብሩ ተሰቅሎ ይሸጣል፤ ገዢውም ቀለሙንና ኪሱን አይቶ ይሄዳል። መለካት የሚባለው ነገር ተረስቷል ማለት ይቻላል።

የልክ ጉዳይ ክብደቱ እንደ ጉዞው ይለያያል። ስሜን ተራሮች ላይ ጓዙ በበቅሎ ስለሚጫን ተጓዡ ውሃና ጃኬት የምትይዝ ትንሽ ቦርሳ ትበቃዋለች። አሜሪካ ውስጥ ከጆርጂያ እስከ ሜይን 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል በሚዘልቀው የአፓላቺያን መንገድ ላይ ግን ድንኳኑም፣ መኝታውም፣ የበርካታ ቀን ስንቁም ያለው ተጓዡ ጀርባ ላይ ነው።

ስለ መጠኑ ብዙ ማለት አያስፈልግም፦ ከ40 እስከ 65 ሊትር ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ዕቃው መጀመሪያ ይሰበሰባል፣ ቦርሳው መጨረሻ ላይ ይገዛል። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጡ ተጓዦች ከጆርጂያው መነሻ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ ኒልስ ጋፕ ላይ ያለው ሱቅ ሲደርሱ ቦርሳቸውን አራግፈው ግማሹን ዕቃ በፖስታ ወደ ቤት ይልካሉ።

ዋናው ጉዳይ ልኩ ነው። ረጅም ሰው ትልቅ ቦርሳ፣ አጭር ሰው ትንሽ ቦርሳ ያስፈልገዋል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ስህተት ነው። ቦርሳ የሚለካው በጀርባ ርዝመት ሲሆን የሰዎች የቁመት ልዩነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እግር ላይ ነው ያለው። ይህ ጸሐፊ ቨርጂኒያ፣ ሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጡ እህትና ወንድም አግኝቶ ነበር። ወንድምየው ቀጥ ያለ ረጅም ነው፤ እህቱ ከትከሻው ብዙም አታልፍም። እሱ በየመቶ እርምጃው እየቆመ ማንገቻውን ይጎትታል።

«ወንድሜ፣ ስትገዛው ተለክተህ ነበር?»

«ኧረ የለም፤ ሻጩ አየኝና ‹አንተ ላርጅ ነህ› አለኝ።»

ልብስ ሰፊ በሚጠቀምበት ሜትር ሁለቱም ሲለኩ የወንድምየው ጀርባ 46፣ የእህትየው 47 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ቦርሳው ለጀርባው ረዝሞበት ስለነበር ማንገቻው ትከሻውን እንዲይዝ ባጠበቀው ቁጥር ቀበቶው ከዳሌው አጥንት ወርዶ መቀመጫው ላይ ይንጠለጠላል፤ ሸክሙም በሙሉ ትከሻው ላይ ይወድቃል።

አለካኩ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ተለኪው አንገቱን ወደ ፊት ሲደፋ ማጅራቱ ሥር አንድ አጥንት ጎላ ብሎ ይወጣል፤ መነሻው እሱ ነው። ከዚያ ሁለት እጁን የዳሌው አጥንት አናት ላይ አድርጎ አውራ ጣቶቹን ወደ ኋላ ያዞራል። ሜትሩ የጀርባውን ጉብጠት እየተከተለ ከዚያ አጥንት ተነሥቶ በሁለቱ አውራ ጣቶች መካከል ይቆማል። የሚለካው ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ ብቻውን መስታወት ፊት ቆሞ የሚለካ ሰው መጎንበሱና መጣመሙ ስለማይቀር ልኩ ይሳሳታል።

ዳሌ ይህን ያህል የሚከበርበት ምክንያት አለው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቦርሳ ሠሪው ዲክ ኬልቲና ጓደኛው ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ ሲጓዙ የቦርሳቸውን ፍሬም ጫፍ ጂንሳቸው የኋላ ኪስ ውስጥ ሰኩት፤ ያን ጊዜ ክብደቱ ከትከሻቸው ወርዶ ዳሌያቸው ላይ አረፈ። ኬልቲ በ1952 በአሉሚኒየም ፍሬም የሚሠራ ቦርሳ መሸጥ ጀመረ። ዛሬም በደንብ የተለካ ቦርሳ አብዛኛውን ሸክም ዳሌ ላይ ያሳርፋል፤ ማንገቻው ሥራው ቦርሳው ወደ ኋላ እንዳይወድቅ መያዝ ነው።

ይህን የሚቃወሙ ሰዎች ዘወትር ወይዘሮ ኤማ ጌትዉድን ይጠቅሳሉ። እኚህ ሴት በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ ራሳቸው የሰፉትን የጂንስ ከረጢት ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው የአፓላቺያንን መንገድ ብቻቸውን ጨርሰዋል። እውነት ነው። ግን ድንኳንም የመኝታ ቦርሳም አልያዙም። ድንኳን፣ ምድጃና የአምስት ቀን ምግብ ተሸክሞ የእሳቸውን ስም መጥራት ተገቢ አይደለም።

ዛሬም በልክ የሚሰፉ አሉ። ሲያትል የሚገኘው ማክሄል ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለብቻው ይሠራል። ዩታ፣ ሎጋን ያለው ዩኤልኤ ደግሞ የጀርባውንና የዳሌውን ልክ ለየብቻ ተቀብሎ ያጣምራል። የሚያዝዝ ሰው ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ነገር አለ፦ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ይከሳል። መነሻው ላይ ልክክ ያለው ቀበቶ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለቱ ስፖንጆቹ ፊት ለፊት ተጋጥመው ከዚያ በላይ አልጠብቅም ይላል። ስለዚህ ሲለካ በስፖንጆቹ መካከል በቂ ክፍተት መተው፣ ከተቻለም ቀበቶው ለብቻው ተፈትቶ በትንሽ የሚቀየር ቦርሳ ማዘዝ ይሻላል።