አፊሊየት ማርኬቲንግ፦ ጀማሪዎችን የሚያሳስቱ ስድስት አመለካከቶች

ስለ አፊሊየት ማርኬቲንግ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚነገረው ብዙ ነው። አንዱ «ቤትህ ተቀምጠህ በዶላር ተከፈል» ይላል፤ ሌላው «ማጭበርበር ነው፣ እንዳትጠጋው» ይላል። ሥራው ግን ከሁለቱም የራቀ ነው። የአንድን ድርጅት ዕቃ ወይም አገልግሎት ያስተዋውቃሉ፤ ድርጅቱ ለእርስዎ በሰጠው ሊንክ የገባ ሰው ሲገዛ ከሽያጩ ላይ ኮሚሽን ይከፈልዎታል። እንደ ድለላ ነው፤ ሽያጩ ካልተፈጸመ የሚከፈል የለም። አማዞን የራሱን እንዲህ ያለ ፕሮግራም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ገና መጽሐፍ ሻጭ በነበረበት ጊዜ ነው።

ለመጀመር ያሰበ ሰው አንድ ጥያቄ ከአእምሮው ባይጠፋ መልካም ነው፦ ገንዘቡ የሚወጣው ከማን ኪስ ነው?

1. «መጀመሪያ ከፍሎ መመዝገብ፣ ከዚያ ሰው ማስገባት ነው»

እውነታው፦ እንደ አማዞን ያሉ የታወቁ ፕሮግራሞች ለመመዝገቢያ አያስከፍሉም። ገቢውም ዕቃ ፈልጎ ከገዛ ሰው የሚመጣ ነው። እርስዎ ከፍለው ከገቡ በኋላ የሚያገኙት ገንዘብ ሌላ ሰው ከፍሎ እንዲገባ በማድረግዎ ከሆነ፣ ከፋዩ አዲስ የገባው ሰው ነው፤ ይህም ፒራሚድ ይባላል። ኢትዮጵያ ውስጥ የፒራሚድ ሽያጭ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተከልክሏል። ዛሬ እንዲህ ያሉ ቡድኖች ራሳቸውን «አፊሊየት» እያሉ ሲጠሩ ይሰማል። መጀመሪያ የሚጠሩት ደግሞ ዘመድ፣ የዕቁብ ጓደኛና የሥራ ባልደረባ ስለሆነ፣ ሲፈርስ ከገንዘቡ ጋር ዝምድናውም አብሮ ይጎዳል። ስሙ ምንም ይሁን፣ የሚሸጥ ዕቃና የሚገዛ ሸማች ከሌለ አይግቡበት።

2. «ሊንኩን ከለጠፉ ገንዘቡ ተኝተው ሳለ ይገባል»

እውነታው፦ ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው። አሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለኖርዌይ ቂጣ ተብሎ በተሠራ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ይጋግራሉ። በአማርኛ የምግብ አሠራር ቪዲዮ ይሠራሉ እንበል፤ 150 ዶላር የሚሸጥ ምጣድም አስተዋወቁ። አማዞን በአሜሪካ ገበያው ለወጥ ቤት ዕቃ የሚከፍለው 4.5 በመቶ ከሆነ፣ ከአንድ ምጣድ የሚደርስዎ 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው። 100 ዶላር ለማግኘት 15 ሰው መግዛት አለበት። ቪዲዮውን ካዩት 1,000 ሰዎች 50ው ሊንኩን ቢጫኑና ሁለቱ ብቻ ቢገዙ ከ14 ዶላር አይበልጥም።

ጊዜውም ገደብ አለው። ሊንኩን የተጫነ ሰው በአማዞን የግዢ ቅርጫት ውስጥ ዕቃ ማስገባት ያለበት በ24 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የእርስዎ ድርሻ ይቀራል። አዲስ ተመዝጋቢ በ180 ቀን ውስጥ ሦስት ሽያጭ ካላስገኘ አካውንቱ ይዘጋል። በጥር የተገኘ ኮሚሽን የሚከፈለውም በመጋቢት ማብቂያ ግድም ነው። ስለዚህ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ክፍያ በዚህ ገቢ ላይ ተመሥርቶ አይታቀድም፤ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት።

3. «ብዙ ተከታይ የሌለው ሰው አይሞክረው»

እውነታው፦ ወሳኙ የተመልካቹ ፍላጎት ነው። ቀልድ ለማየት የመጣ ብዙ ሕዝብ ምጣድ ላይገዛ ይችላል። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ለንደን ሆና እንጀራዋ ዐይን አላወጣ ያላት ሴት ግን መፍትሔ ፍለጋ ነው የመጣችው። ሊጡ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ምጣዱ ምን ያህል መጋል እንዳለበት፣ የትኛው ዓይነት ቶሎ እንደሚበላሽ ከሞከረው ሰው ከሰማች ትገዛለች። ጀማሪ መነሣት ያለበት በደንብ ከሚያውቀው ነገር ነው፤ የሒሳብ አያያዝ ባለሙያ ከሒሳብ ሶፍትዌር፣ ፎቶ አንሺ ከካሜራ፣ መምህር ከመማሪያ መጻሕፍት።

4. «አንዴ ከተዋዋሉ ኮሚሽኑ የተረጋገጠ ነው»

እውነታው፦ መጠኑን የሚወስነው ሻጩ ነው፤ ሲፈልግም ይቀንሰዋል። አማዞን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ለቤት ዕቃዎች ይከፍል የነበረውን 8 በመቶ ወደ 3፣ ለምግብ ሸቀጦች ይከፍል የነበረውን 5 በመቶ ወደ 1 አውርዷል። ኑሯቸውን በዚያ ላይ ያቆሙ ሰዎች ሥራቸውን ሳይቀንሱ ገቢያቸው ከግማሽ በታች ወረደ። አንድ ፕሮግራም ላይ ብቻ አይንጠልጠሉ፤ ውሉንም በየጊዜው ያንብቡ።

5. «ኮሚሽን እንደማገኝ ከተናገርኩ ገዢው ይሸሻል»

እውነታው፦ መናገር ግዴታ ነው። አማዞን ደንቡን ከሚያሟሉ ግዢዎች ገቢ እንደሚያገኙ እንዲገልጹ ያስገድዳል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም መግለጫው በግልጽ እንዲታይ፣ ምክሩ በተሰጠበት ቋንቋም እንዲሆን ይመክራል። በአማርኛ ዕቃ አስተዋውቀው፣ ኮሚሽን ማግኘትዎን ከቪዲዮው ግርጌ በእንግሊዝኛ በደቃቅ ፊደል መጻፍ ከተመልካቹ መደበቅ ነው። «በዚህ ሊንክ ከገዛችሁ ለእኔ ኮሚሽን ይደርሰኛል፤ ለእናንተ ግን ዋጋው አይጨምርም» ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ገዢው ከኪሱ ለሚያወጣው ገንዘብ ይህን ማወቅ መብቱ ነው።

6. «ብልጥ ሰው ሥርዓቱን ያታልላል»

እውነታው፦ በራስ ሊንክ ለራስ መግዛት አማዞን ላይ ክልክል ነው፤ አካውንት ያዘጋል። ከዚህ የከፋውን የሠሩ ሰዎች እስር ቤት ገብተዋል። ሾን ሆጋን በአንድ ወቅት የኢንተርኔት ገበያ ከሆነው ከኢቤይ ቀዳሚ አፊሊየቶች አንዱ ነበር። በድብቅ ኮድ ሰዎች ሊንኩን ሳይጫኑ እንደ ተጫኑ አስመስሎ ኮሚሽን ይሰበስብ ነበር። ከኢቤይ የተከፈለው 28 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 አምስት ወር እስራት ተፈረደበት።

ከመጀመርዎ በፊት

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ መጀመሪያ የሚጣራው የክፍያው መንገድ ነው። ፕሮግራሙ ወደ አገርዎ በምን እንደሚከፍልና ዝቅተኛው የመክፈያ መጠን ስንት እንደሆነ ሳያረጋግጡ ወራት አይልፉ። የትም ይኑሩ፣ ገቢው ግብር እንዳለበት አይዘንጉ። ከዚያ የሚያውቁትን አንድ ነገር ይምረጡ፤ ያልሞከሩትን ዕቃ አያወድሱ፤ ጉድለቱንም ይናገሩ። እናትዎ እንድትገዛው የማይፈልጉትን ዕቃ ለማንም አያስተዋውቁ። «መጀመሪያ ክፈሉ» ለሚልዎ ሁሉ ደግሞ መልስዎ አንድ ይሁን፤ አልከፍልም።