የጠጠር መደብ፦ የፍሳሽ መስመር ለማይደርስበት ግቢ

ሐይቅ ዳር ሎጅ የሚገነባ ባለሀብት፣ ከአስፋልት ርቆ የተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ገጠር ቤት ሠርቶ ጡረታውን እዚያ ለማሳለፍ ያሰበ ሰው፤ ሁሉም ቀድመው የሚያስቡት ውሃ ስለማስገባት ነው። ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፣ ፓምፕ ይገዛሉ፣ ሮቶ ይሰቅላሉ። የገባው ውሃ በየት እንደሚወጣ የሚታሰበው ግንባታው ሊያልቅ ሲል ነው። ያኔ መልሱ የታወቀ ነው፦ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ በኮንክሪት መክደን፣ ከዚያ መርሳት። ጉድጓዱ ለዓመታት ካልሞላ ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ደስታው ግን ያለ ቦታው ነው፤ የማይሞላ ጉድጓድ ፍሳሹን ለከርሰ ምድር ውሃ እያስረከበ ያለ ጉድጓድ ነው። በደጋው ብዙ ቦታ ከአፈሩ ሥር የሚገኘው የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ነው። ውሃ በአፈርና በአሸዋ መካከል ሲሰርግ ተህዋስያን እየተያዙ ይቀራሉ፤ በስንጥቅ ውስጥ ግን የሚይዛቸው ነገር የለም። ስለዚህ “ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ይራቅ” የሚለው የተለመደ ምክር እንዲህ ባለ ድንጋይ ላይ ብዙም አያስተማምንም።

ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ፤ ኤሌክትሪክም ላያስፈልገው ይችላል። ሁለት ክፍል አለው፦ ሴፕቲክ ታንክና ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣ፣ ጠጠር የተሞላና ተክል የተተከለበት መደብ።

የሴፕቲክ ታንክ ታሪክ ፈረንሳይ ውስጥ ይጀምራል። በ1860 እ.ኤ.አ. አካባቢ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዣን ሉዊ ሙራስ የተባለ ሰው ቬዙል በምትባል ከተማ የአንድ ቤት ፍሳሽ የሚጠራቀምበት የግንብ ታንክ ሠራ። ከዓመታት በኋላ ሲከፈት ሞልቶ ይሆናል የተባለው ታንክ ውስጥ የተገኘው ዝቃጭ እጅግ ጥቂት ነበር። ሙራስ በ1881 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። የታንኩ ምስጢር ጠላ ለጠመቀ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ንጽጽሩን ጠላ ወዳጆች ይቅር ይበሉኝ። አተላው ከጋኑ ሥር ይዘቅጣል፣ ቀላሉ ከላይ ይንሳፈፋል፣ የጠራው ከመሃል ይቀዳል። በታንኩም ከባዱ ከሥር ይተኛል፣ ስብና ቅባቱ ከላይ ይጋገራል፤ መውጫው ላይ የሚገጠመው የቲ (T) ቅርጽ ያለው ቧንቧ ደግሞ ከተጋገረው ሥር ወርዶ መካከለኛውን ውሃ ብቻ ያሳልፋል። ሥር የተኛውን ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ እየበሉ ወደ ጋዝ ይለውጡታል።

ከታንኩ የሚወጣው ውሃ ግን ንጹሕ አይደለም። ደፍራሽ ነው፣ ይከረፋል፣ በአሞኒያ የተሞላ ነው፤ በሽታ አምጪ ተህዋስያኑም በአብዛኛው እንዳሉ ናቸው። “ሴፕቲክ ታንክ አለን” ብሎ ያንን ውሃ ወደ ቦይ የሚለቅ ሰው ሥራውን ገና ከመጀመሩ ጨርሻለሁ እያለ ነው።

የቀረውን ሥራ ለረግረግ መሬት የመስጠቱን ሐሳብ በሳይንስ ያስጀመረችው ኬተ ዛይደል የተባለች ጀርመናዊት ተመራማሪ ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በፕሎን ከተማ ይገኝ በነበረው የማክስ ፕላንክ ተቋም ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር የሚበቅሉ ቄጠማ መሰል ተክሎች ቆሻሻ ውሃን ማጥራት ይችሉ እንደሆነ መሞከር ጀመረች። የዘመኑ የፍሳሽ መሐንዲሶች አብዛኞቹ አልተቀበሏትም። በኋላ ራይንሆልድ ኪኩት የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ሐሳቡን ወደ ሸምበቆና ወደ ተራ አፈር ወሰደው፤ በ1974 ኦትፍሬዘን በተባለ ስፍራ የመጀመሪያው ትልቅ መደብ ሥራ ጀመረ። ኪኩት የሸምበቆው ሥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጭቃ አፈሩን ሰርስሮ ውሃ እንዲያሳልፍ ያደርገዋል ብሎ ያምን ነበር። ዴንማርኮች አምነውት በ1980ዎቹ ብዙ መደቦችን ሠሩ። አፈሩ አልተከፈተም። ፍሳሹ ከሥሮቹ መካከል በማለፍ ፋንታ በላይ በላዩ እየተንሸራተተ ሄደ። ዛሬ መደቡ በአፈር ሳይሆን በታጠበ ጠጠር የሚሞላው ከዚያ በተገኘ ትምህርት ነው።

ተክሉ ያጣራል የሚለው አነጋገርም በዚሁ ጊዜ ተፈተሸ። ሃንስ ብሪክስ የተባለው የዴንማርክ ሳይንቲስት በ1997 ባወጣው ጽሑፍ፣ ተክሎች በእነዚህ መደቦች ውስጥ በእርግጥ ሥራ አላቸው ወይ ብሎ በግልጽ ጠየቀ። መልሱ አላቸው የሚል ነው፤ ብዙ ሰው የሚያስበውን ዓይነት ሥራ ግን አይደለም። ሸምበቆና ደንገል ግንዳቸው ውስጥ ባለው ክፍተት አየር ወደ ሥራቸው ያወርዳሉ፤ ከሥሩ ወደ ውሃው የሚያፈተልከው ኦክስጅን ግን ከፍሳሹ ፍላጎት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። የሚስቡት ናይትሮጅንም ታጭዶ ካልወጣ፣ ቅጠሉ ሲበሰብስ ተመልሶ እዚያው ይገባል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው በእያንዳንዱ ጠጠር ላይ ተለጥፎ የሚኖረው አንሸራታች ስስ ሽፋን ነው። ከመደቡ አንድ ጠጠር አውጥቶ በጣት ለዳሰሰው ሰው ልክ ወንዝ ውስጥ እንደቆየ ድንጋይ ያሟልጫል። ያ ሽፋን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች መንደር ነው። ፍሳሹ በአጠገባቸው ሲያልፍ የሚበላውን ይበሉታል። ከዚህ የተነሳ መደብ የሚሠራ ሰው ስለ ተክሉ ዓይነት ከመጨነቁ በፊት መጠየቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው፦ ውሃው እዚህ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል? አየርስ ያገኛል?

የአየሩን ጥያቄ በደንብ የመለሱት ፈረንሳዮች ይመስሉኛል። በአግድም በሚፈስ መደብ ጠጠሩ ሁልጊዜ ውሃ እንደሞላ ስለሆነ አየር እንደ ልብ አይገባም፤ አሞኒያውም ብዙ አይነካም። ፈረንሳዮች ውሃውን ከላይ በአንዴ አፍስሰው ወደ ታች እንዲንጠፈጠፍ ያደርጋሉ፤ ውሃው ሲወርድ አየር ተከትሎት ይገባል። በሺዎች በሚቆጠሩ ትንንሽ መንደሮቻቸው የሚሠራው ስልት ጥሬ ፍሳሹን ያለ ሴፕቲክ ታንክ በቀጥታ ሸምበቆ ላይ የሚያፈስ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ሦስት መደብ አለው፤ አንዱ ለ3 ቀን ተኩል ይቀበላል፣ ከዚያ 7 ቀን ያርፋል፤ ሌሎቹ ተራ ይይዛሉ። ዝቃጩ መደቡ ላይ በየዓመቱ በጥቂት ሴንቲ ሜትር እየወፈረ ይቀመጣል፤ የሚነሳው ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የሸምበቆው እውነተኛ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ነፋስ ግንዱን ባወዛወዘው ቁጥር በግንዱ ዙሪያ ያለው የደረቀ ዝቃጭ ይሰነጠቃል፤ ውሃውም በዚያች ቀዳዳ ይሰርጋል። ተዳፋት ባለበት ግቢ ይህን ሁሉ ያለ ፓምፕ፣ ሲሞላ ራሱን በሚገለብጥ ባልዲ ወይም በሲፎን መሥራት ይቻላል።

ተክሉን በተመለከተ እኛ አንቸገርም። ደንገል በጣና ዳር ለታንኳ የሚታጨድ፣ ከሥሩ ቶሎ የሚራባ ተክል ነው። ፊላና ሸምበቆም በየወንዙ ዳር አሉ። ሥራቸው ያለበትን ቁራጭ ክረምት ሲገባ መትከል ይበቃል። እምቦጭን ግን ማንም “ውሃ ያጠራል” ቢል አትስሙት። ማጥራቱስ ያጠራል፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲያገኝ በፍጥነት የሚፋፋ ተክል ነውና። ነገር ግን በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ያደረሰው ይታወቃል፤ ከአንድ ግቢ ገንዳ ወደ ወንዝ ለመሻገር አንድ ጎርፍ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ስፋቱ። ስድስት ሰው ያለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም 300 ሊትር ፍሳሽ ይወጣል። 2 ወይም 3 ሜትር ኩብ የሚይዝ ሴፕቲክ ታንክ ይበቃዋል። በሞቃት አካባቢ በአግድም ለሚፈስ መደብ 15 ካሬ ሜትር እንያዝ፤ ጠጠሩ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ውሃው ከጠጠሩ ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ። በጠጠሮቹ መካከል ያለው ክፍተት 40 በመቶ ያህል ስለሆነ መደቡ የሚይዘው ውሃ 3,000 ሊትር ነው። ስለዚህ ዛሬ የገባ ውሃ የሚወጣው ከ10 ቀን በኋላ ነው። በበጋ ከመደቡ ላይ በቀን 6 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢተን 90 ሊትር ይጠፋል፤ ለጓሮ የሚተርፈው 200 ሊትር ገደማ ነው። ቆላ ላይ ውሃ ለመቆጠብ ብሎ መደቡን ከልክ በላይ የሚያሰፋ ሰው፣ ውሃውን ለሙዙ ከማጠጣት ለሸምበቆው ያጠጣዋል። ደጋ ላይ ግን ማስፋቱ ተገቢ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ሲበርዳቸው ይለግማሉ፤ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በአንድ አራተኛ ስለሚያንስ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የመደቡ ጠርዝ ከመሬቱ ከፍ ይበል፤ አለዚያ የክረምት ጎርፍ ገብቶ አሥሩን ቀን ወደ አንድ ቀን ያወርደዋል።

ውሃው ከጠጠሩ ሥር ይቆይ የሚባለው ለሽታ ብቻ አይደለም። ገላጣ ኩሬ ትንኝ ያረባል፤ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣም መኖሪያ ያገኛል።

ከመደቡ የሚወጣው ውሃ በጠርሙስ ተይዞ ሲታይ ጠርቶ የዝናብ ውሃ ይመስላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ጥሬ ፍሳሽ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ እስከ 100 ሚሊዮን የሚደርስ የዓይነ ምድር ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል። ጥሩ መደብ 99 በመቶውን ቢያስወግድ እንኳ 1 ሚሊዮን ይቀራል። ከባክቴሪያ ይልቅ ወስፋት ያስቸግራል፤ አንዲት ሴት ወስፋት በቀን 200,000 ያህል እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉም አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ደግነቱ ከባክቴሪያ እጅግ ስለሚተልቅና ስለሚከብድ በታንኩና በጠጠሩ ውስጥ በደንብ ይያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ባወጣው መመሪያ ለመስኖ የሚውል ውሃ በሊትር ከአንድ የበለጠ የሆድ ትል እንቁላል እንዳይኖረው ይመክራል። የቀረውን ባክቴሪያ በተመለከተ መመሪያው ብልህ ነው፤ ሁሉንም ከማጣሪያው አይጠብቅም። ውሃው ከቅጠልና ከፍሬ ሳይነካካ ሥር ላይ ከፈሰሰ፣ ፍሬው ከመሬት ርቆ ከተሰቀለ፣ ተልጦ ወይም በስሎ ከተበላ፣ እያንዳንዱ አንድ ተጨማሪ አጥር ነው። በእኛ ማዕድ ሲተረጎም ሙዝ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶና ቡና ይሁን፤ ሰላጣና ለስንግ የሚሆን ቃሪያ አይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ በአቃቂ ወንዝ ተፋሰስ ባልተጣራ ውሃ አትክልት ሲለማ ለኖረበት አገር ይህ ምክር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ሰላጣው ላይ አልደራደርም።

ነገሩን ሁሉ የሚያቀልል አንድ ውሳኔ አለ፤ እሱም ግንባታው ሳይጀመር የሚወሰን ነው። የሻወር፣ የልብስና የዕቃ እጣቢ ከሽንት ቤቱ ጋር በአንድ ቧንቧ አይሂድ። የሰው ፍሳሽ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አብዛኛው ከሽንት፣ ተህዋስያኑ አብዛኞቹ ከዓይነ ምድር ይመጣሉ፤ እጣቢው ብቻውን ሲሆን ትንሽ ቦታና ቀላል ሥራ ይበቃዋል። ውሃ በሚቸግርበት ቦታ ሽንት ቤቱን ያለ ውሃ መሥራት ከዚህም ይሻላል። አርባ ምንጭ ላይ በ2006 የተጀመረና በአውሮፓ ኅብረት የተደገፈ ሮዛ የተባለ ፕሮጀክት ይህን በየቤቱ ሞክሮ ነበር። ከሙከራዎቹ አንዱ የእጣቢ ማማ ነው፤ አራት እንጨት ተተክሎ በጆንያ መሰል ጨርቅ ይከበባል፣ መሃሉ ከታች እስከ ላይ በጠጠር፣ ዙሪያው በአፈርና በፍግ ይሞላል። እጣቢው ከላይ በጠጠሩ ላይ ይደፋል፤ ጨርቁ ጎን ጎኑ ተቀዶ ቆስጣና ቲማቲም ይተከልበታል። ከአንድ ካሬ ሜትር በማይበልጥ ቦታ ላይ የሚቆም ጓሮ ነው።

እጣቢም ቢሆን ግን በውስጡ ያለውን ይዞ ይሄዳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ ነው የእንዶድን ኃይል ያወቀው። ያ እጣቢ ጠቅሞናል። የዛሬው ዱቄት ሳሙና ግን ብዙ ሶዲየም አለው፤ ሶዲየም ሲከማች አፈሩ ይደፈናል፤ ጨውነት በሚያጠቃቸው የስምጥ ሸለቆ መሬቶች ላይ ደግሞ ይብሳል። ፈሳሽ ሳሙና ይሻላል። በረኪና በባልዲ የሚደፋበት ሎጅ የጠጠሩን መንደር በአንድ ጠዋት ሊጨርሰው ይችላል፤ የጽዳት ሠራተኞቹን ያላስጠነቀቀ ባለቤት መሐንዲሱን አይውቀስ። የወጥ ቤቱ ቅባትም ከታንኩ በፊት በቅባት ማጥለያ ካልተያዘ ጠጠሩን ይደፍነዋል።

ከብልሽቶቹ ሁሉ የሚበዛው ግን ሴፕቲክ ታንኩን አለማስመጠጥ ነው። ዝቃጩ አንድ ሦስተኛውን ሲይዝ፣ ማለትም በየ2 እስከ 5 ዓመቱ፣ መውጣት አለበት። ካልወጣ ወደ መደቡ ያልፋል፤ መደቡ ከመግቢያው ጀምሮ ይደፈናል፤ ከዚያ ጠጠሩን አውጥቶ ማጠብ ነው። ስለዚህ ታንኩ የሚቀመጥበት ቦታ የሚመረጠው የመምጠጫው መኪና በሚደርስበት መንገድ ነው። መኪና ጨርሶ በማይገባበት ተራራ ላይ ያለ ግቢ ከታንኩ ዝቅ ብሎ ሌላ ትንሽ የሸምበቆ መደብ ያዘጋጅ፤ ዝቃጩ እዚያ ላይ በስስ በስሱ እየተደፋ ይደርቃል። ከዚያ የተነሳው ደረቅ ዝቃጭ ከአንድ ዓመት በላይ ተሸፍኖ ከቆየ በኋላ ለዛፍ ጉድጓድ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ለጓሮ አትክልት ግን አይደረግም።