የጎደለችው ሁለት ሳንቲ ሜትር

ጀርመን አገር የሚኖር አንድ ወዳጄ የሳሎኑን ግማሽ ለባቡር ሰጥቶታል። ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ሐዲድ ዘርግቶ፣ ጣቢያ ሠርቶ፣ የምልክት ምሰሶ ተክሎ ማታ ማታ እሱን ሲያሽከረክር ያመሻል። ባለፈው ልጠይቀው ስሄድ ሁለት አረንጓዴ የመንገደኛ ፉርጎዎች አውጥቶ ፊቴ ደረደረና «በል፣ እውነተኛውን የሚመስለው የትኛው ነው?» አለኝ። ሁለቱም ሣጥን ላይ የተጻፈው ልኬት 1 ለ87 ነው። ቀለማቸው አንድ ነው። በአንድ ጎናቸው ያሉትን የክፍል መስኮቶች ብቆጥር የሁለቱም 12 ሆኑ። ትንሽ ቆይቼ ግን የአንደኛው መስኮቶች ጠበብ ብለው ታዩኝ። ማስመሪያ አስጠጋን። አንዱ 30.3 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው 28.2።

ምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለረጅም ጉዞ የሠራቻቸው እነዚህ ፉርጎዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ 26.4 ሜትር ናቸው። ይህን ለ87 ብናካፍለው 30.3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አጭሩ ፉርጎ እንግዲህ ቁመቱና ወርዱ ለ87፣ ርዝመቱ ግን ለ93.5 ተካፍሏል። ርዝመታቸው ለ100 ተካፍሎ 26.4 ሳንቲ ሜትር ላይ የቀሩም አሉ። በድሮዎቹ የቆርቆሮ መጫወቻዎች ላይ ጭራሽ መስኮቱ ከነክፍሉ ይቀነስ ነበር። ዓይን የአንድን ነገር መጠን በቀላሉ ይስታል፤ የርዝመትና የቁመት ተመጣጣኝነት ሲዛባ ግን፣ ምን እንደጎደለ መናገር ባይችል እንኳ፣ ቅር ይለዋል።

አምራቾቹ ማካፈል አቅቷቸው አይደለም። ያስገደዳቸው ኩርባው ነው። ፈጣን ባቡር በሚሄድበት እውነተኛ መስመር ላይ 300 ሜትር ሬዲየስ ያለው ኩርባ ራሱ ጠባብ ነው። ይህ በ1 ለ87 ሲሰላ 3.45 ሜትር ነው፤ ባቡሩ ዞሮ ለመመለስ ብቻ ሰባት ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክፍል ይፈልጋል ማለት ነው። ማን ቤት ይገኛል? ስለዚህ ሜርክሊንን የመሳሰሉ ኩባንያዎች 360 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ያለው ኩርባ ይሸጣሉ። ወደ እውነተኛው ዓለም ስንመልሰው 31 ሜትር ነው።

አሁን ረጅሙን ፉርጎ እዚህ ኩርባ ላይ እናስቀምጠው። ፉርጎው የሚያርፈው ቦጊ በሚባሉ ሁለት ባለአራት ጎማ እግሮች ላይ ነው። በእውነተኛው ባቡር የሁለቱ እግሮች መሐል ለመሐል ርቀት 19 ሜትር ነው፤ በሞዴሉ 21.8 ሳንቲ ሜትር። ሐዲዱ ይታጠፋል፣ ፉርጎው ግን አይታጠፍም። እግሮቹ ሐዲዱን ተከትለው ሲዞሩ የፉርጎው ወገብ ወደ ኩርባው ውስጥ ይወጣል። ስናሰላው 17 ሚሊ ሜትር ሆነ። የፉርጎው ግማሽ ወርድ ከ16 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም! ወገቡ ላይ ውጭኛው ግድግዳ የሐዲዱን መካከል አልፎ ገብቷል፣ ውጭኛው ሐዲድ ሙሉ በሙሉ ተራቁቷል። እውነተኛው ፉርጎ በ300 ሜትሩ ኩርባ ላይ የሚያወጣው 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በሞዴል ልክ 1.7 ሚሊ ሜትር። አሥር እጥፍ ልዩነት ነው። ርዝመቱ ወደ 28.2 ሲያጥር የወገቡ መውጣት ወደ 14.6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የጎደለችው ሁለት ሳንቲ ሜትር የገዛችው ይህችኑ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው።

ክብደት ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እያንዳንዳቸው 87 ጊዜ ሲያንሱ ይዘት 87 በ87 በ87፣ ማለትም 658,503 ጊዜ ያንሳል። 40 ቶን የሚመዝን ፉርጎ በትክክል ቢቀነስ 61 ግራም ይሆናል፤ ከአንድ እንቁላል ብዙም አይበልጥም። እንዲህ የቀለለ ፉርጎ ሐዲዱ በተጋጠመበት ሁሉ ይዘላል፣ ረጅም ባቡር ሲጎተት ደግሞ ኩርባው ላይ ወደ ውስጥ ይወድቃል። የአሜሪካ ሞዴል ባቡር ወዳጆች ማኅበር የሚመክረው ክብደት ለዚህ ርዝመት ሲሰላ 200 ግራም ገደማ ነው፤ ከሦስት እጥፍ በላይ። ጎማውን ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጠርዝም በትክክል ቢቀነስ አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ነበር የሚሆነው፤ የሚሠራው ግን ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ነው። የፕላስቲኩ ግድግዳ አንድ ሚሊ ሜትር ከወፈረ በእውነተኛው ልክ የ8.7 ሳንቲ ሜትር ግንብ ይሆናል፤ መስኮቱ ጎድጉዶ እንዳይታይ ጥሩ ሠሪዎች መስታወቱን ከግድግዳው ፊት ጋር እኩል አድርገው ይገጥሙታል።

የሐዲድ ስፋትም የራሱ ታሪክ አለው። በብሪታንያ የተለመደው ሞዴል 1 ለ76 ሆኖ ሳለ የሚሄደው ለ1 ለ87 በተሠራው 16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ነው፤ ባቡሩ እግሩ የጠበበ ሆኖ ይታያል። የኛን ባቡር መሥራት የሚፈልግ ሰውም ይህን ማወቅ አለበት። ፉርጎ የሚለውን ቃል ከፈረንሳይኛ ያመጣልን የድሮው የጅቡቲ መስመር ሐዲዱ አንድ ሜትር ስለሆነ 12 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ ይስማማዋል፤ አዲሱ መስመር ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነውና 16.5ቱ ልኩ ነው።

እስካሁን ያነሳኋቸውን ስህተቶች ሁሉ ይቅር እላለሁ፤ ክፍልና ክብደት አስገድደዋቸዋል። ይቅር የማልለው ማንም ሳያስገድድ የሚሠራ ስህተት አለ፦ ጽሑፉ። አብዛኞቹ የአውሮፓ ባቡሮች ሦስተኛ ማዕረግን ያስቀሩት እ.ኤ.አ. በጁን 1956 ነው። በሩ ላይ 3 የተጻፈበት ፉርጎ በ1970ዎቹ ባቡር ውስጥ ቦታ የለውም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ፉርጎዎች ባለ12 አኃዝ ቁጥር አላቸው፤ የመጨረሻው አኃዝ የሌሎቹ መመርመሪያ ነው። ወዳጄ እርሳስ አንሥቶ አሳየኝ። ለምሳሌ 51 80 22-40 001 ካለ፣ አኃዞቹ ከግራ ጀምሮ ተራ በተራ በ2 እና በ1 ይባዛሉ፤ ውጤቱ ባለሁለት አኃዝ ከሆነ አኃዞቹ ይደመራሉ፣ 10 ቢወጣ 1 እና 0 ተደምሮ 1 ይሆናል። ጠቅላላው 25 ነው። ወደሚቀጥለው አሥር፣ ወደ 30፣ ለመድረስ 5 ይቀራል፤ መጨረሻው ላይ 5 መጻፍ አለበት። ሌላ አኃዝ ካለ ያ ቁጥር በየትኛውም ሐዲድ ላይ ሄዶ አያውቅም።

እኔ የመረጥኩት ረጅሙን ነው፤ እሱም እንደዚያው። ከሎኮሞቲቩ ጋር ቀጥለን ስንለቀው በቀጥታው መስመር ላይ እጅግ አማረ። ኩርባው ላይ ሲደርስ ወገቡ ወጣና የምልክት ምሰሶውን ጎሸመው። ወዳጄ ባቡሩን አቆመ፤ ምሰሶውን ነቀለ፣ በካሊፐር ለካና አንድ ሳንቲ ሜትር አርቆ ተከለው።