ለሞጣ መንገድ የሚሰነቅ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ሊገባ ያሰበ ብስክሌተኛ አብዛኛውን ጊዜ ስንቁን የሚቆጥረው በቀን ነው። ጉዞው አራት ቀን ከሆነ የአራት ቀን ምግብ ይጭናል። ቦርሳው ሲከፈት ፓስታ፣ የቆርቆሮ ቱና፣ ድስት፣ የጋዝ ምድጃና አንድ ሙሉ ፌስታል ብስኩት ይወጣል። ብስክሌት በመጠገንና ለረጅም ጉዞ በማሰናዳት የሚተዳደረው የዚህ ማስታወሻ አቅራቢ ታዲያ ጎማና ፍሬን ከማየቱ በፊት ቦርሳ ማራገፍን ልማድ አድርጎታል። በእሱ እምነት የኋላውን ጎማ ከመንገዱ ድንጋይ ይበልጥ የሚጎዳው ጭነቱ ነው።

በዚህ መስመር ስንቅ መለካት ያለበት በሁለት ከተሞች መካከል ባለው ዳገትና ቁልቁለት ነው። ማታ የሚታደርባቸው ከተሞች እንጀራና ሽሮ አያጡም፤ አልጋም ይገኛል። ስለዚህ የሚጫነው ከቁርስ እስከ እራት ባለው ጊዜ ኮርቻ ላይ የሚበላው ነው። ጎማ ፈንድቶ ወይም ዝናብ ይዞ መንገድ ላይ ለሚያሳድር ክፉ ቀን ደግሞ አንድ እራት ይታከልበታል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ዳገት ላይ የሚገፋ ሸክም ነው።

ምድጃው የሚቀረው በክብደቱ ብቻ አይደለም። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ምስሩ እሳት ላይ ይቆያል፣ ፓስታው ቶሎ አይበስልም፣ ጋዙ ያልቃል። የአገሬው መንገደኛ እሳቱን እቤቱ ጨርሶ ነው የሚወጣው፤ ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቷል፣ ሽምብራው ታምሷል፣ ዳቦ ቆሎው ደርቋል። መንገድ ላይ የሚቀረው ውሃ መጨመር ነው።

በሰውነት ውስጥ የተከማቸው ስኳር ጠንከር ብሎ ለሚጋልብ ሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ቢያዘልቅ ነው። ከዚያ እግር ይከዳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። የስፖርት ሥነ ምግብ ባለሙያዎች በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት እንዲወሰድ የሚመክሩት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ በሚያውቀው ዓይነት ውድድር፣ ይህን የሚያቀብሉ የቡድን መኪናዎችና ሰዎች አሉ። የቢቸናው መንገደኛ አቀባይ የለውም፤ ግን ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶና አንድ ማንኪያ ማር በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢወስድ ከተባለው መጠን ውስጥ ይገባል።

አበጣበጡ ላይ ግን ብዙ ሰው ይቸኩላል። ዱቄቱ ቀድሞ ከገባ ሃይላንዱ ግርጌ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ የቱንም ያህል ቢናጥ አይለቅም። መጀመሪያ ውሃው እስከ ግማሽ ይሞላል። ቀጥሎ ዱቄቱ፣ ማሩና በሁለት ጣት ቆንጠር የተደረገ ጨው ይገባሉ፤ ክዳኑ ጠብቆ ይናጣል፤ የቀረው ውሃ መጨረሻ ላይ ይጨመራል። ቀጠን ማለት አለበት፤ ከወፈረ ያስጠማል፣ ሆድም ላይ ይከብዳል። የሚጠጣው ዳገቱ ሳይጀመር ነው። የበሶው ጠርሙስ ከውሃው ጠርሙስ ይለያል፣ ማታም ይታጠባል፤ ሳይታጠብ ካደረ በማግስቱ ይኮመጥጣል።

ጾሙንም ማሰብ ያስፈልጋል። ለብስክሌት የሚመቸው ወቅት ክረምቱ ወጥቶ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሲሆን፣ በመካከሉ ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾመ ነቢያት አለ። ቅቤ በክብደት ሲለካ ከገብስ ዱቄት እጥፍ ያህል ጉልበት ስለሚሰጥ ጭኮ ለመንገደኛ ተወዳዳሪ የለውም፤ ለጿሚ ግን አይሆንም። በእሱ ፋንታ ሲሶ ያህሉና ከዚያም በላይ ዘይት የሆነው ኑግ ተቆልቶና ተወቅጦ ከበሶው ጋር ይለወሳል። አብረው ከሚጓዙት መካከል ማን እንደሚጾም ቦርሳው ሳይዘጋ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ምሥራቅ ጎጃም ቀላል ጓዝ ይዞ መሄድን ከማንም መማር አያስፈልገውም። እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ያሉትን ደብሮች ቅኔ ፍለጋ የሚያቋርጥ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቅሉን ይዞ ስንት ተራራ ያልፋል። ለምኖ ያገኘውን እንጀራ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ ያደርገዋል። እንጀራ ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውሃ ስለሆነ ሲደርቅ ይቀላል፣ ቶሎም አይሻግትም። ለክፉ ቀን የሚያዘው እራት ይኸው ድርቆሽ ቢሆን፣ በበርበሬና በዘይት ተፈትፍቶ ያለ እሳት ይበላል።

ቦርሳውን በተመለከተ ባለሙያው ችኮላ አይወድም። ከባድ ከባዱ፣ ማለትም መፍቻው፣ ትርፍ ከመነዳሪው፣ የበሶው ዱቄት፣ በሁለቱ የጎን ቦርሳዎች ግርጌ ወደ እግር ተጠግቶ ይቀመጣል። ግራና ቀኙ በእጅ እየተመዘነ እኩል ይደረጋል። ሙጋና ሱሃን የመሳሰሉት ከጮቄ የሚወርዱ ወንዞች በሸረሸሩት ምድር ላይ ቁልቁለቱ ኩርባ አያጣም፤ እዚያ ላይ ያዘነበለ ጭነት መሪውን ይጎትታል። ልብስ በፌስታል ተጠቅልሎ ከላይ ይሆናል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ሳይወርዱ በእጅ እንዲደረስባቸው ከመሪው ላይ በምትንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ይገባሉ። ለማሰሪያ ከተጣለ ከመነዳሪ በስፋት የተቀደደ ላስቲክ ከገመድ ይመረጣል፤ መንገዱ ሲያንገጫግጭ አብሮ ይሳባል እንጂ አይላላም። ጉዞው ሲቃረብ ደግሞ የመንገዱን ሰላም ከሚኒባስና ከአይሱዙ አሽከርካሪዎች መጠየቅ የዝግጅቱ አካል ነው።

ከሞጣ ወደ ሰባራ ድልድይ ለሚወርድ ሰው ስሌቱ ይለወጣል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባይ ላይ የተሠራው ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሰብሮ፣ ሰው ለአሥርተ ዓመታት በገመድ እየተሳበ ተሻግሮበታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ቢጠገንም ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ወደዚያ ብስክሌቱና የጎን ቦርሳዎቹ ሞጣ ባረፉበት ቤት በአደራ ተሰጥተው፣ አንድ የጀርባ ቦርሳ ብቻ ተይዞ በእግር ይኬዳል። ደጋ ላይ ያደረ ሰው ቆላው ሙቀት ውስጥ ሲገባ ከምግብ ይልቅ ውሃ ያሳስበዋል፤ ሦስት ሊትር ይያዛል፣ ከወንዝ ለሚቀዳውም «ውሃ አጋር» የተባለው ማከሚያ አይቀርም። ግማሹ ለመልሱ ዳገት ሳይነካ መቆየት አለበት። በማግስቱ ጉዞውን ለሚቀጥል ሞጣ ላይ የሚሞላው የአንድ ቀን በሶና ማር ነው፤ በመንገዱ ላይ ካለችው ከአዴት ከተማ እስከ ባሕር ዳር 42 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይበቃል።