ዝኩኒ፦ ከገበያ እስከ ድስት

ዝኩኒ ከዱባና ከቅል ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በመረቅ የተሠራ ቅል ይወዱ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል።

ሲገዙ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውንና ሲነኩት ጠንከር ያለውን ይምረጡ። ትልልቁ ለገንዘቡ የሚያዋጣ ቢመስልም ፍሬ የበዛበትና ጣዕም የለሽ ነው። ቤት እንደገቡ አይጠቡት፤ እርጥበት ቶሎ ያበሰብሰዋል። እንደደረቀ አፉ ባልታሰረ ፌስታል አድርገው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያስቀምጡት ከ4 እስከ 5 ቀን ይቆያል። ማቀዝቀዣ ከሌለዎት የሁለት ቀን ብቻ ገዝተው ጥላና ነፋሻ ቦታ ያኑሩት።

ከመቶ 95 ያህሉ ውሃ ስለሆነ ወጥ ሲሠሩ ውሃ አይጨምሩበት። ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ ከነልጣጩ ቆራርጠው ይጨምሩት፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ጨው ውሃውን ስለሚያወጣው መጨረሻ ላይ ይሁን።

አንድ ነገር ግን አደራ! ከማብሰልዎ በፊት ጥሬውን በትንሹ ቀምሰው ከመረረ ይትፉት፤ የቀረውንም ይጣሉት። ምሬቱ ኩኩርቢታሲን ከሚባል መርዝ ሲሆን እሳት አያጠፋውም፤ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል። በተለይ ካለፈው ዓመት ፍሬ ዘር አስቀርተው በጓሮዎ የተከሉት ከሆነ ሳይቀምሱ አያብስሉ። መጣሉ ኢስራፍ ይሆንብኛል ብለው በርበሬ አብዝተው ለልጆች እንዳያቀርቡት።