ሕፃን ይዞ ወደ ጎጃም፦ የሚፈራውና ሊፈራ የሚገባው

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የቀጥታ በረራው ወደ 13 ሰዓት ይፈጃል። ገና ድክ ድክ የሚል ልጃቸውን ለአያቶቹ ለማሳየት ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ የሚመጡ ወላጆች ምክር የሚጠይቁትም፣ እንቅልፍ የሚያጡትም በአብዛኛው ስለ እነዚህ 13 ሰዓታት ነው። አውሮፕላኑ ልጁን ያሳምመዋል፣ ስስ አየሩ ይጎዳዋል፣ ጆሮውን ያበላሸዋል ይባላል። እውነታው ሲመረመር ግን ለጤነኛ ልጅ ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻው ከበረራው ይልቅ ካረፈ በኋላ ያለው ጊዜ ነው።

በአየሩ እንጀምር። አውሮፕላኑ ከ10,000 ሜትር በላይ ቢወጣም፣ መንገደኛው በተቀመጠበት ክፍል ያለው የአየር ግፊት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው እንዳያንስ ተደርጎ ይጠበቃል። ይህ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው ማለት ይቻላል። የዓባይ ምንጭ ያለባት ግሽ ዓባይ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከአውሮፕላኑም የሳሳ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም የልብና የሳንባ ሕመም ያለበት ሕፃን ሐኪም ሳያየው መሳፈር የለበትም። ለሌላው ግን አየሩ የሚያስፈራ አይደለም። በዘመናዊ አውሮፕላን ውስጥ ተመልሶ የሚዘዋወረው አየርም ተዋሲያንን በሚያስቀር ማጣሪያ ያልፋል፤ ጉንፋን የሚያስይዘው ይልቁንም አጠገብ ተቀምጦ የሚያስለው ሰውና ያልታጠበ እጅ ነው።

ታዲያ ሕፃናት ለምን ያን ያህል ይጮኻሉ? ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ምክንያቱም ይታወቃል። አውሮፕላኑ ለማረፍ ዝቅ ሲል በክፍሉ ያለው ግፊት እየጨመረ የጆሮን ታምቡር ወደ ውስጥ ይጫነዋል። ጆሮን ከጉሮሮ ጀርባ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ የሚከፈተው ስንውጥ ነው፤ የሕፃን ቱቦ ደግሞ ጠባብ ነው። ስለዚህ መውረድ ሲጀመር ልጁን ቀስቅሶ ማጥባት፣ ወይም ጡጦ መስጠት ያሻል። ብዙ ወላጅ ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፦ ልጁ እስኪያርፉ እንዲተኛ የአለርጂ ወይም የጉንፋን ሽሮፕ ያጠጣዋል። ይህ ከበረራው ራሱ የከፋ ነው። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፕሮሜታዚን ትንፋሽን እስከማቆም ሊያደርስ ስለሚችል ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም። ሌሎቹም አንዳንዱን ልጅ በማስተኛት ፈንታ ይባስ ያስበረግጉታል።

ትልቁ ስህተት ግን መሬት ላይ የሚጠብቀው ነው። «የኛ ደም ነው፣ ወባ አይነካውም» የሚል እምነት አለ። ወባን በከፊል የመቋቋም አቅም በተደጋጋሚ በመያዝ የሚገኝ እንጂ ከደም ጋር የሚወረስ ርስት አይደለም፤ አገር ጥለው በወጡት ላይ እየደከመ ይሄዳል። ውጭ የተወለደው ልጅ ከነጭራሹ የለውም። «ጎረቤት ያለው ልጅ እዚያው አድጎ የለም ወይ?» ይባል ይሆናል። እሱም ይታመማል። እንደ ጎጃም ባለ ወባ አንድ ዓመት በርትቶ ሌላ ዓመት በሚቀንስበት ደጋማ አገር፣ ነዋሪውም ቢሆን ጠንካራ መከላከያ የለውም።

«ወባ የቆላ በሽታ ነው» የሚለውም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የኢትዮጵያን ደጋማ ቦታዎች የመታው ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ያሉ መንደሮችም አልተረፉም። ዛሬም ለመንገደኛ የሚሰጠው ምክር ከአዲስ አበባ በቀር ከ2,500 ሜትር በታች ያለውን ሁሉ የወባ አገር አድርጎ ይቆጥራል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ወይና ደጋ ቢሆኑም ከዚህ ወሰን በታች ናቸው። ወባው የሚበረታው ክረምቱ እንደወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ፣ ማለትም ብዙ ዘመድ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል በሚገባበት ወቅት ነው። በአካባቢው ባለው ግጭት ምክንያት መንገዱ አስጊ ሲሆን አያቶቹ አዲስ አበባ መጥተው የልጅ ልጃቸውን ቢያገኙት፣ ቢያንስ የወባው ስጋት አይኖርም።

አጎበር ብቻውን ይበቃል የሚሉ አሉ። አጎበር ግድ ነው፤ ነገር ግን ትንኟ ሰው እስኪተኛ አትጠብቅም። አመሻሽ ላይ ትልቁ ሰው በረንዳ ላይ ቡና ሲጠጣ፣ ልጁ እግሩ ባዶ ሆኖ ግቢ ውስጥ ሲሯሯጥ ትነድፋለች። ስለዚህ ረጅም ልብስ፣ ለዕድሜው የተፈቀደ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ በላዩም በልጁ ክብደት የሚለካ መድኃኒት ያስፈልጋል። የጥንቱ ክሎሮኪን እዚህ አገር ያለውን አደገኛውን የወባ ዓይነት አይከላከልም። ከጉዞው አንድ ወር በፊት ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የኩፍኝ ክትባቱም አብሮ ይታያል።

ልጁ ከተመለሰ በኋላ ቢያተኩሰው፣ ሳምንታት ወይም ወራት ቢያልፉም፣ በሚኖርበት አገር ያለው ሐኪም ጉንፋን ነው ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። ጎጃም ደርሶ መምጣቱን መናገርና የደም ምርመራው በዚያው ቀን እንዲደረግ መጠየቅ የወላጅ ፋንታ ነው።