ዳቦ መጋገሪያው ማሽንና የደብረ ታቦር ደጋ

ከውጭ ይዘነው የመጣነው አውቶማቲክ የዳቦ ማሽን ደብረ ታቦር ላይ የጋገረልን የመጀመሪያ ዳቦ መሐሉ ጎድጉዶ ወጣ። ያማነው የአገሩን ዱቄት ነበር፤ ያለ ጥፋቱ።

ማሽኑ የሚያቦካውም የሚጋግረውም በተሞላለት ሰዓት ነው፤ ሊጡን አያይም። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ጥቂት ያንሳል። ስለዚህ እርሾው የሚያወጣው ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሲሶ በላይ ተጨማሪ ስፍራ ይይዛል። ሊጡ ከሰዓቱ ቀድሞ ኩፍ ይላል፤ ጋዙን አፍኖ የያዘው የግሉተን መረብ ከልክ በላይ ተወጥሮ ይላላል፤ ዳቦው ሳይጸና ይሰምጣል።

እርሾውን በሩብ ቀነስን፤ ደረቁ የደጋ አየር እርጥበት ስለሚመጥም ውኃ ጥቂት ጨመርን። ሁለተኛው ዳቦ ቀና ብሎ ወጣ። እናታችን ቀምሰው «ደግ ነው» አሉና ወደ ድፏቸው ተመለሱ፤ ሊጡን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ ገና ነው ብለው ከደኑት።